«ጎጃም» እና «ጐጃም»፦ የፊደልና የነጥብ እርማት በክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ሰነዶች

ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን የሚያቅፈው ዞን ስሙ «ምዕራብ ጎጃም» ተብሎ ይጻፋል፤ «ምእራብ ጐጃም» ተብሎም ይጻፋል። ለአንባቢ ሁለቱ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 የግዕዝን ፊደል ሲያካትት «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» የየራሳቸው መለያ ቁጥር ተሰጣቸው፤ አራት ነጥብና ነጠላ ሰረዝም እንዲሁ። ውሳኔው ጥንታዊ ጽሑፎች ሳይዛቡ እንዲቀመጡ አስችሏል፤ የአጻጻፍን ልዩነት የማስታረቁ ሥራ ግን ለሶፍትዌር ሠሪዎችና ለአራሚዎች ተረፈ።

እንደ ሊብሬኦፊስ ያሉ ክፍት ምንጭ ሶፍትዌሮች ወደ አማርኛ የሚመለሱት በአብዛኛው በበጎ ፈቃደኞች ነው። ብዙ እጅ በገባበት ሰነድ አንዱ «አስቀምጥ»፣ ሌላው «ያስቀምጡ»፣ ሦስተኛው «ማስቀመጫ» ቢል አያስገርምም። የመጀመሪያው ግን ሴቷን ተጠቃሚ ከንግግሩ ያስቀራታል፤ ሦስተኛው ደግሞ ትእዛዙን ወደ ዕቃ ስም ይለውጠዋል። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት የላቲን ኮለኖች ጎን ለጎን ሲተየቡም ዓይን ልዩነቱን ያልፈዋል፤ ዐረፍተ ነገር የሚለይ ፕሮግራም ግን ማብቂያውን ላያውቀው ይችላል።

ጉዳዩ የውበት ብቻ አይደለም። በቀበሌ የመሬት መዝገብ «ኃይሉ» ተብሎ የተመዘገበ ገበሬ «ሀይሉ» ተብሎ ቢፈለግ፣ ሞክሼ ፊደላትን የሚያመሳስል ሥርዓት እስከሌለ ድረስ፣ ማሳውን እያረሰ ከመዝገቡ የጠፋ ሰው ይሆናል።

በጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶች እርማት እንደ ጥቃቅን ነገር አይታይም። የንባብ ቤት ተማሪ ተነሽ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ ንባብን እየለየ ያነባል፤ ሲሳሳት መምህሩ እዚያው ያርመዋል። ክፍት ምንጭ ሰነድም ማንኛውም አንባቢ እርማት ሊያቀርብበት የሚችል ጽሑፍ በመሆኑ ይህን ልማድ ለመቀበል የተመቸ ነው።

ሆኖም እርማቱ ልክ ያስፈልገዋል። የመመሪያው የጋራ ቃላት በአንድ አጻጻፍ፣ ትእዛዛቱም በአንድ የአክብሮት ደረጃ ሊጸኑ ይገባል። የሰው ስም ግን በባለቤቱ አጻጻፍ ይቀመጥ፤ ማመሳሰሉ የፍለጋው ሥራ ይሁን። አራሚው ለቋንቋው ሥርዓት ሲል የሰውን ስም ቢለውጥ፣ ሰነዱን አቃንቶ መዝገቡን ያበላሻል።