አፈሩ ሳይደርቅ

የእኅቴ ልጅ የሞተ ጊዜ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ቤቴ በለቅሶኛ ተሞልቶ ሰነበተ። አራት ዓመት በአሜሪካ ጦር አገልግሎ ከተሰናበተ በኋላ በመኪና አደጋ ነው ያለፈው። በሦስተኛው ቀን፣ እሱም የቀድሞ ወታደር የሆነ አንድ ጎረቤታችን ወደ ጥግ ወሰድ አደረገኝና «የሕይወት ኢንሹራንስ ነበረው?» አለኝ። ደሜ ፈላ። «አፈሩ ሳይደርቅ?» ብዬ ተቆጣሁት። ሰውየው አልተቀየመኝም። «ከጦሩ የወጣበትን ቀን ብቻ ተመልከት» ብሎኝ ወጣ።

አርባው ካለፈ በኋላ ነው የልጁን ሻንጣ ለመክፈት የደፈርኩት። የስንብት ወረቀቱን አገኘሁ። ከሥሩ ደግሞ የኢንሹራንሱን ምዝገባ የሚያሳይ አንድ ቅጠል ወረቀት ነበር።

እኔ እንደመሰለኝ፣ ሰው መለዮውን ሲያወልቅ ከጦሩ ጋር ያለው ነገር ሁሉ ያበቃል። ጠይቄ ስረዳ ግን ነገሩ ሌላ ነው። በመደበኛ አገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ራሱ «አልፈልግም» ካላለ በቀር ወዲያው ይመዘገባል፤ ክፍያውም ከደመወዙ ይቆረጣል። ከፍተኛው መጠን 400,000 ዶላር ነበር፤ እ.ኤ.አ. ከማርች 1 ቀን 2023 ጀምሮ 500,000 ሆኗል። ከተሰናበተ በኋላም ሽፋኑ ያለ ክፍያ ለ120 ቀን ይቆያል። የግድግዳውን ካላንደር አውርጄ ቆጠርኩ። ልጃችን የሞተው በ71ኛው ቀን ነው።

አዲስ አበባ ለእኅቴ ደወልኩላት። «የልጄን ደም አልሸጥም!» ብላ ስልኩን ጠረቀመችው። ሁለት ሳምንት ሙሉ አላነጋገረችኝም። እውነቷን ነው፤ እኔስ ጎረቤቴን ያልኩት ከዚህ በምን ይለያል?

በመጨረሻ እሷው ደወለች።

«ወረቀቱ ላይ የማን ስም ነው ያለው?»

«ያንቺ ነው፣ እትዬ።»

«ማን አስጻፈው?»

«ማንም። የተቀጠረ ጊዜ ራሱ ነው ያስመዘገበሽ።»

ዝም አለች። ያን ጊዜ ልጁ ገና ሃያ ዓመቱ ነበር። «ላክልኝ» አለች ቆይታ።

«ገንዘቡን?»

«ወረቀቱን ነው እንጂ!»

የጥያቄውን ቅጽ ከሞት ማስረጃውና ከስንብት ወረቀቱ ጋር አያይዘን ያስገባነው ከዚያ በኋላ ነው። ስም ያልተመዘገበ ቢሆን ኖሮ ሕጉ ቅድሚያ የሚሰጠው ለትዳር ጓደኛ፣ ቀጥሎ ለልጆች፣ ከዚያ ለወላጆች ነው። 120 ቀኑ ያለፈ እንኳ ቢሆን፣ ሟቹ ሽፋኑን ወደ ቀድሞ ወታደሮች ኢንሹራንስ አዛውሮት እንደሆነ መጠየቅ ተገቢ ነው።

ጎረቤቴን ይቅርታ ልጠይቀው ሄድኩ። «እኔም የጠየቅሁህ» አለኝ ቡና እየቀዳልኝ፣ «የእናቴን ስም ጽፌ ስለማውቅ ነው።»