ቅጣቱን ስንት እናድርገው?

የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ከሆንሁ አራት ዓመቴ ነው። ሹመቱን ያገኘሁት «ጋዜጠኝነት ተምሯል፤ ጽሕፈት አያቅተውም» ተብዬ ነው እንጂ ሌላ ችሎታ ታይቶብኝ አይደለም። ሥራውም ቀላል ነበር። መዋጮ መመዝገብ፣ ስም መጥራት፣ ቃለ ጉባኤ ማንበብ። ባለፈው ዓመት ግን ያልለመድነው ነገር መጣ። ሰው ከቀብር መቅረት አበዛ። ድንኳን የሚተክል ጉልበት ጠፋ፤ ስም ሲጠራ «አቤት» የሚለው ከግማሽ በታች ሆነ።

በወርኃዊው ስብሰባ ላይ መፍትሔው ወዲያው ተገኘ፤ ቅጣት ይጨመር ተባለ። 50 ብር የነበረው 100 ይሁን ያለ አለ፤ 300 ይሁን ያለም አለ። ክርክሩ ሲበዛ የእድሩ ዳኛ ወደ እኔ ዞሩና «አንተ ልጅ፣ የተማርህ ነህ። ስንት ብናደርገው ሰዉ እንደሚመጣ አጣርተህ ንገረን» አሉኝ።

ከማን ላጣራ? በሰፈራችን በኮሌጅ ሥነ ልቡና ሲያስተምሩ ኖረው ጡረታ የወጡ መምህር አሉ። ወደ እርሳቸው መሄድ ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ጠያቂን በጥያቄ የሚመልሱ ሰው ናቸውና አላዋቂነቴ እንዳይገለጥ ፈራሁ። ደግሞም መሽቶ ነበር። ስለዚህ ስልኬን አወጣሁና ሰው ሠራሽ አስተውሎት አላቸው ከሚባሉት ቻትቦቶች አንዱን ጠየቅሁ። ስሙ ይቅር፤ ጥፋቱ የእርሱ እንዳልሆነ ኋላ ታያላችሁ። በእንግሊዝኛ የጻፍሁት ጥያቄ ወደ አማርኛ ሲመለስ ይህ ነው፦ «የአንድ መረዳጃ ማኅበር አባላት ከቀብር እየቀሩ ነው። ስንት ብር ብንቀጣቸው ይመጣሉ?»

መልሱ ሻይ እስኪቀዳ እንኳ አልቆየም። ስምንት ነጥቦች በተራ ተደረደሩ። ቅጣቱ ከአባላቱ የቀን ገቢ ጋር ይመዛዘን፤ በየጊዜው ከፍ ይበል፤ የቀሪዎች ስም በስብሰባ ላይ ይነበብ፤ ወዘተ። ስድስተኛው ነጥብ ስለ ሐይፋ ነበር።

ሐይፋ በእስራኤል የምትገኝ የወደብ ከተማ ናት። ኡሪ ግኒዚና አልዶ ሩስቲኪኒ የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ምሁራን በዚያች ከተማ በ10 የሕፃናት መዋያዎች ለ20 ሳምንታት ጥናት አካሄዱ። ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2000 አሳተሙት። ልጆቻቸውን ለመውሰድ የሚዘገዩ ወላጆች ነበሩና፣ በስድስቱ መዋያዎች ከ10 ደቂቃ በላይ የዘገየ ሁሉ 10 ሸቀል እንዲቀጣ ተደረገ። የዘገየው ሰው ይቀንሳል ተብሎ ሲጠበቅ ቁጥሩ እጥፍ ያህል ሆነ። ቀድሞ ወላጁን የሚያስሮጠው መምህሯን ማስቸገሩ ያሳፍረው ስለነበር ነው። ቅጣቱ ሲመጣ ግን ዕፍረቱ ዋጋ ተቆረጠለት፤ ከፍሎ መዘግየት መብት መሰለ። ከ16ኛው ሳምንት በኋላ ቅጣቱ ሲነሣም ዘግያቾቹ ወደ ቀድሞ ቁጥራቸው አልተመለሱም።

ይህን አነበብሁት። ያነበብሁት ግን በመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ተጣጥፋ እንደምትገኘው ወረቀት ነው። ስምንተኛው ነጥብ «የቀሩትን ሰዎች ለምን እንደቀሩ ጠይቋቸው» ይላል፤ እርሱንም አለፍሁት። እኔ የተላክሁት የብሩን ልክ እንዳመጣ ነዋ! በሚቀጥለው ስብሰባ «200 ብር፤ ይህ ሳይንስ ነው» አልሁ። ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁለት ዓይነት ነው። ኪሳቸው የሞላ አባላት ከፍለው መቅረት ጀመሩ። አንዱ እንዲያውም «የሦስት ቀብር ልክፈልና አታስጨንቁኝ» ብሎ 600 ብር አስቀድሞ ሰጠኝ። ኪሳቸው የሳሳው ደግሞ ውዝፍ ሲቆለልባቸው ከመዋጮውም ከስብሰባውም ጠፉ። ከእነዚህ አንዷ ቡና እያፈሉ በመሸጥ የሚተዳደሩ እናት ነበሩ፤ በእድራችን 23 ዓመት የቆዩ። ወንድማቸው ሞተ። ለእኛ አልነገሩም። «800 ብር ውዝፍ እያለብኝ በምን ዓይኔ ድንኳን እጠይቃለሁ?» ብለው ከጎረቤት ሸራ ተበድረው ቀበሩ። እኛ የሰማነው ሠልስቱ ካለፈ በኋላ ነው።

ያን ቀን ሌሊቱን ሙሉ አልተኛሁም። ሰው ለክፉ ቀኑ ያቋቋመውን እድር በክፉ ቀኑ እንዲሸሸው ያደረግሁት እኔ ነበርሁ።

በማግስቱ ወደ መምህሩ ሄድሁ። የሆነውን ሁሉ ነገርኋቸው። በመጀመሪያ የሰጡኝ መልስ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከማሽኑ የባሰ ነበር። «የዘንድሮ ወጣት ማኅበራዊ ኑሮ አያውቅም» አሉ። ባለሙያም እንዲህ ይስታል። ፖል ሚል የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1954 ባሳተመው መጽሐፍ ወደ 20 የሚጠጉ ጥናቶችን አገናዝቦ፣ የሰውን ጠባይና ዕጣ በመተንበይ ረገድ ተራ የሒሳብ ቀመር ልምድ ካላቸው ባለሙያዎች ጋር እኩል ወይም የተሻለ ሆኖ መገኘቱን አሳይቷል። ስለዚህ ባለሙያን ማምለክ አይገባም።

መምህሩ ግን በግምታቸው አልረኩም። «እስቲ መዝገቡን አምጣው» አሉኝ። ስሞቹን አንድ በአንድ በጣታቸው እየተከተሉ «ይኼ አሁን የት ነው የሚኖረው? እሷስ?» ይሉኝ ጀመር። እኔም ከየስሙ ጎን ጻፍሁ። ስንጨርስ አዘውትረው ከሚቀሩት 31 ሰዎች 24ቱ ሰፈራችን በከፊል ከፈረሰ ወዲህ በከተማው ዳርቻ ኮንዶሚኒየም የገቡ ሆነው ተገኙ። ቡና ሻጯ እናትም ከእነርሱ ጋር ናቸው። ጥሩምባ ነፊያችን ግን ዛሬም ጎሕ ሲቀድ የሚዞረው አሮጌውን ሰፈር ብቻ ነው። ወሬው በሰው በሰው ደርሷቸው፣ ሁለት ታክሲ ይዘው እስኪመጡ ቀብሩ ያልፋል። መሄዳቸውን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ነገር ግን ስም ስንጠራ ስም ብቻ ነበር የምንጠራው።

መምህሩ መነጽራቸውን አወለቁና «ልጄ፣ እኔም ተሳስቻለሁ። እናንተ ግን ጥሩምባው ያልደረሰውን ሰው ነው የቀጣችሁት» አሉኝ።

ለማወቅ ጓጉቼ ያንኑ ሠንጠረዥ፣ ስሞቹን አጥፍቼ፣ ለማሽኑ ሰጠሁት። ጉዳዩ የቅጣት ሳይሆን የርቀትና የመልእክት መሆኑን በአንድ አፍታ ነገረኝ። እንግዲህ «ማሽን የሰውን ነገር አያውቅም» ብዬ ልጽፍ አልችልም። በንባብ ብዛት ከመምህሩም ሳይበልጥ አይቀርም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ማሽኑ ከጥያቄዬ ጀመረ፤ መምህሩ ከሰዎቹ ጀመሩ። ማሽኑ ማስጠንቀቂያውን በስድስተኛውና በስምንተኛው ተራ አስቀምጦ ልለፈው ብል አሳለፈኝ። መምህሩ ግን መዝገቡን ሳላመጣ የሚያሳልፉኝ ሰው አልነበሩም። ደግሞም ያ እንዳያገኘኝ ነበር የሸሸኋቸው።

ይህ ሽሽት አዲስ አይደለም። ቻትጂፒቲ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕዝብ ከመቅረቡ 56 ዓመት ቀድሞ፣ በ1966፣ ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ የኤም.አይ.ቲ. ፕሮፌሰር «ኤላይዛ» የምትባል ፕሮግራም ሠርቶ ነበር። ፕሮግራሟ እንደ ሥነ ልቡና ሐኪም የሰውን ቃል እየገለበጠች መልሳ ከመጠየቅ በቀር አንዳች አታውቅም። ዋይዘንባውም እንደጻፈው፣ ሲሠራት ለወራት ስታየው የነበረችው የራሱ ጸሐፊ እንኳ ከፕሮግራሟ ጋር ጥቂት እንደተጫወተች ክፍሉን ለቅቆ እንዲወጣ ጠየቀችው። ሰውየው ደነገጠ፤ ከዚያ በኋላ ብዙ ዕድሜውን በማስጠንቀቅ አሳለፈ። እኔ ግን ጸሐፊዋ ትገባኛለች። የማይታዘበን ጠያቂ ዘንድ መናገር ይቀላል። ሆኖም አንዳንዱ ችግር የሚፈታው ከሚታዘበን ሰው ፊት ስንቀርብ ነው።

አሁን ለሩቆቹ በስልክ የሚያረዳ ሰው መድበናል። ቀብር ሲኖርም ሚኒባስ እንከራያለን። ከእነርሱ ብዙዎቹ ተመልሰዋል። በመዝገቡ ላይ «የት ይኖራል?» እና «ለምን ቀረ?» የሚሉ ሁለት ዓምዶች ጨምሬያለሁ። ቡና ሻጯን እናት ዳኛው፣ ገንዘብ ያዡና እኔ ሆነን ሄደን ይቅርታ ጠየቅናቸው። ቡና አፈሉልን። ስለ ውዝፉ አንሥተን መሰረዙን ስንነግራቸው «እግዜር ይስጥልኝ» አሉ፤ ስለ ወንድማቸው ቀብር ግን ምንም አላሉም፤ እኛም ለመጠየቅ አልደፈርንም።

ቅጣቱን ወደ 50 ብር መልሰነዋል። ከፍሎ መቅረት የለመዱት ግን እስከ ዛሬ አልመጡም። ያ 600 ብር አስቀድሞ የከፈለኝ ሰው ባለፈው ሳምንት አግኝቶኝ «ቀንሷል አሉ፤ ስንት ተረፈኝ?» አለኝ።