ከመሬት ሆኖ ማዘዝ

ሰው ራሱ ያልተሳፈረበትን ነገር መምራት ቀላል ይመስለዋል። ጣቱን ያንቀሳቅሳል፤ በሩቅ ያለው ይታዘዛል። ቢሳካ ምስጋናው የእርሱ ነው፤ ባይሳካ የሚሰበረው ሌላ ነው። በሬዲዮ የሚመራ አንድ ትንሽ አውሮፕላን ሠርተን ለመጀመሪያ በረራው ስናዘጋጅ የከረምንባቸው ወራት ይህን አስተሳሰብ አጥብቀን እንድንመረምረው አስገድደውናል። በባዕድ አገር ተቀምጠን ስለ አገር ቤት የምንናገርና የምንጽፍ ሁሉ ነገሩ የሚመለከተን ስለ መሰለን፣ ከሥራው ያገኘነውን ለአንባብያን ማካፈልን ወደድን።

በቅድሚያ ስለ ሥራው ምክንያት እንናገር። የምንኖርባት ሲልቨር ስፕሪንግ የተባለችው የሜሪላንድ ከተማ በወገኖቻችን ብዛት የታወቀች ናት። ሜይናርድ ሂል የተባለው መሐንዲስ የኖረውም በዚያችው ከተማ ነበር። ይህ ሰው ዓይኑ ለማየት በተሳነው ዕድሜው፣ ክብደቱ ከ5 ኪሎ ግራም የማይበልጥ አውሮፕላን ከባልሳ እንጨት ሠርቶ፣ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2003 ከኒውፋውንድላንድ ተነሥቶ አትላንቲክን በመሻገር አየርላንድ ላይ እንዲያርፍ አድርጓል። ጉዞው 38 ሰዓት ከ52 ደቂቃ ፈጅቷል፤ ርቀቱም 3,000 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ከዚያ በፊት የላካቸው ሳይደርሱ ቀርተዋል። ከጥበቡ ጀማሪዎች መካከል ደግሞ መንትያዎቹ ዋልተርና ዊልያም ጉድ ይታወሳሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1937 በሚሺጋን፣ ካላማዙ ላይ ያበረሩት “ጋፍ” የተሰኘ አውሮፕላን ዛሬ በስሚዝሶኒያን ተቋም ተጠብቆ ይገኛል። ሩቅ የሄደው ሁሉ አስቀድሞ በጠረጴዛ ላይ ብዙ የቆየ መሆኑን ከእነዚህ ሰዎች ታሪክ ተረዳን።

አውሮፕላናችንን “ፀሐይ” ብለን ሰየምናት። ስሙን የወሰድነው እ.ኤ.አ. በ1935 በጀርመናዊው ሉድቪግ ቬበር መሪነት አዲስ አበባ ላይ ከተሠራችውና በልዕልት ፀሐይ ስም ከተጠራችው አውሮፕላን ነው። ያቺ ፀሐይ ፋሺስት ኢጣሊያ አገራችንን በወረረ ጊዜ ተማርካ ተወሰደች፤ ብዙ ዐሥርተ ዓመታት በባዕድ እጅ ከኖረች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2024 ወደ አገሯ ተመለሰች። ስደተኛ ስለ አንድ ሞተርና ክንፍ መመለስ ዕንባ ሲያፈስ ያየ ሰው ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገውም።

የእኛዪቱ ፀሐይ ከክንፍ ጫፍ እስከ ክንፍ ጫፍ 1 ሜትር ከ60 ሳንቲ ሜትር ናት፤ ወጪዋም ከየኪሳችን በመዋጮ የተሸፈነ ነው። እንጨቱን ቆርጦ ማጣበቅ ወራት ወሰደ። ይሁን እንጂ ከበረራው በፊት ያለው ምርመራ ከሥራው ሁሉ እንደሚከብድ ያወቅነው ሙጫው ከደረቀ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው ምርመራ ሚዛን ነው። የክንፉ ስፋት ከፊት ጠርዝ እስከ ኋላ ጠርዝ 25 ሳንቲ ሜትር ነው። የክብደቱ ማዕከል ከዚህ ስፋት ሩብና ሲሶ መካከል ላይ መዋል ስላለበት፣ ከፊት ጠርዝ 7 ሳንቲ ሜትር ለክተን በሁለቱም ክንፎች ሥር ምልክት አደረግን። ባትሪው በቦታው ሳለ አንድ ሰው በጣቶቹ ጫፍ ከምልክቶቹ ሥር ደግፎ ያነሣታል። አፍንጫዋ ጥቂት ዝቅ ካለ መልካም ነው፤ ጅራቷ ከወረደ ግን ባትሪው ወደ ፊት ይገፋል፣ ይህ ካልበቃም አፍንጫዋ ላይ የእርሳስ ብረት ይጨመራል። የጥበቡ ሰዎች፣ አፍንጫው የከበደ አውሮፕላን በደንብ አይበርም፣ ጅራቱ የከበደ ግን የሚበረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ይላሉ። እንድትበር ስንል ክብደት ጨመርንባት።

ሁለተኛው ምርመራ የመሪዎቹ አቅጣጫ ነው። የማሠራጫው ዘንግ ወደ ቀኝ ሲገፋ በቀኝ ክንፍ ያለው ኤይለሮን ሊነሣ፣ የግራው ሊወርድ ይገባል፤ ዘንጉ ወደ ራስ ሲሳብ የጅራቱ ኤሌቬተር ይነሣል። ነገር ግን በማሠራጫው ላይ ያለች አንዲት ማገላበጫ በተቃራኒው ወገን ከሆነች ትእዛዙ ሁሉ ይገለበጣል፤ አውሮፕላኑም “ቀና በል” ሲባል አፍንጫውን ይደፋል። ስለዚህ መንቀሳቀሱን ብቻ አይቶ “ይሠራል” ማለት አይበቃም። ከኋላው ቆመን፣ የእያንዳንዱን ስምና አቅጣጫ ጮክ ብለን እየጠራን አረጋገጥን።

ሦስተኛው ምርመራ የሬዲዮው ነው። በቀድሞው ዘመን በዚህ አገር ለእንዲህ ያለው አውሮፕላን ተመድቦ የነበረው የ72 ሜጋኸርዝ ሞገድ በ50 መስመሮች የተከፈለ ነበር። በየሜዳው ሰሌዳ ይቆማል፤ የመስመሩን መቆንጠጫ ከሰሌዳው ያልወሰደ ማሠራጫውን አይከፍትም። ሁለት ሰዎች በአንድ መስመር ትእዛዝ ከላኩ አውሮፕላኑ የማንኛቸውንም አይሰማምና ይወድቃል። የሁለቱም ትእዛዝ ለየብቻው ትክክል ሊሆን ይችል ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት የተማሪ ማኅበሮች እንዴት እንደ ተከፋፈሉ ያነበበ ሰው እዚህ ላይ ጥቂት ቆም ማለቱ አይቀርም። ዛሬ በ2.4 ጊጋኸርዝ እያንዳንዱ መቀበያ ከገዛ ማሠራጫው ጋር ስለሚጣመር የሌላውን ትእዛዝ አይቀበልም። ቢሆንም ድምፅ ሊጠፋ ይችላል። በዚህ ምክንያት ግንኙነቱ ሲቋረጥ ሞተሩ በራሱ እንዲቆም አደረግን፤ ከዚያም የማሠራጫውን ኃይል ዝቅ አድርገን፣ 30 እርምጃ ርቀን፣ መሪዎቹ አሁንም እንደሚታዘዙ ተመለከትን።

የሜዳው ቀን ደረሰ። በዋና ከተማዪቱ ዙሪያ 15 ማይል ያህል ክልል ውስጥ ያለ ልዩ ፈቃድ ማብረር ክልክል በመሆኑ፣ በመኪና ርቀን ወደ አንድ የሣር ሜዳ ሄድን። ከ250 ግራም በላይ ለሆነ ሁሉ የሚያስፈልገው የምዝገባ ቁጥር በጅራቷ ላይ ተጽፏል። ወገኖቻችን ሕፃናቶቻቸውንና ምሳቸውን ይዘው ሊያዩ መጥተዋል። የመመርመሪያው ወረቀት እስከ መጨረሻው መስመር ምልክት ተደርጎበታል፤ የቀረው ነፋሱ ብቻ ነበር። ይህን እንድትጠብቅ የተመደበችው እኅታችን በዘንግ ጫፍ ያሰረችው ጥብጣብ ከመንደርደሪያው አግድም እየተወራጨ መሆኑን አይታ “ዛሬ አይሆንም” አለች።

አስቀድመን የተስማማንበት ደንብ ነበረን፦ የአንድ ሰው “አይሆንም” ይበቃል፤ ድምፅ አይቆጠርም። ሆኖም ክርክሩ አጭር አልነበረም። ሰው ከሩቅ መጥቷል ተባለ። የቤንዚን ወጪ ተነሣ። ማኅበሩ መሳቂያ ይሆናል ያለም ነበር። እኅታችን ሁሉን ከሰማች በኋላ፣ “የተናገራችሁት ሁሉ ስለ እኛ ነው፤ ስለ ነፋሱ አንድም ቃል አልሰማሁም” አለች። መልስ የሰጠ አልነበረም። ምሳችንን በልተን ፀሐይን እንደ ጫንናት ተመለስን። ምናልባት በዚያ ዓመት ማኅበራችን ከወሰናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው ይህ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንብንም።

በሚቀጥለው እሑድ ጥብጣቡ ዝም ብሎ ተንጠለጠለ፤ ፀሐይም ተነሣች። ከእኛ ስትርቅ ቀኟ ቀኛችን ነበር። ዞራ ወደ እኛ ስትመጣ ግን ቀኟ ግራችን ሆነ። በዚህ ጊዜ ከመሬት ሆኖ ባየው ብቻ የሚያዝ ሰው አውሮፕላኑን ይጥላል። መድኃኒቱ አንድ ነው፦ በአሳብ ገብቶ ከውስጧ መቀመጥ። ዘንጉን የያዘው ጓዳችን ሰውነቱን እርሷ ወደምትሄድበት አዙሮ፣ በትከሻው ላይ ወደ ኋላ እየተመለከተ መራት። ስድስት ደቂቃ ከበረረች በኋላ ሣሩን ነክታ ቆመች።

እኛ ከሩቅ ሆነን ስለ አገር ቤት ስንናገር፣ በዚያ ያለው ሰው ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ የቆመ መሆኑን፣ የእኛ ቀኝ ለእርሱ ግራ ሊሆን እንደሚችል ስንቶቻችን እናስባለን? የፀሐይ መውደቅ የሚያስከፍለን እንጨትና ገንዘብ ነበር። በቃል የሚታዘዝ ሰው ቢወድቅ ግን በሙጫ አይጠገንም።

ከበረራው ደንቦች ሁሉ የመጨረሻው ይህ ነው፦ ማሠራጫው ከሁሉ ቀድሞ ይከፈታል፣ ከዚያ የአውሮፕላኑ ባትሪ ይያያዛል፤ ሲያበቃ ደግሞ በመጀመሪያ የአውሮፕላኑ ባትሪ ይነቀላል፣ ማሠራጫው ከሁሉ በኋላ ይዘጋል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሞተሩ አዛዥ በሌለበት ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ አንድ ሰው ወደ ሜዳው ሄዶ ባትሪውን ነቅሎ እጁን እስኪያነሣ ድረስ፣ ጓዳችን ማሠራጫውን እንደ ከፈተ፣ ከቆመበት ሳይነቃነቅ ጠበቀ።