ደለል

አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትልቅ ሶፍትዌር ቤት ሦስት ዓመት ሠርቼ ስወጣ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመመዝገቢያውን ገጽ። ደንበኛ በዐይኔ አላየሁም። ዋጋ እንዴት እንደሚተመን፣ ዕዳ እንዴት እንደሚሰበሰብ የሚያውቁት ከላይ ያሉት ናቸው። የራሴን ድርጅት ከፍቼ በስምንተኛው ወር ስዘጋው ከእኔ በቀር የገረመው ሰው አልነበረም።

አብሮኝ የተማረው ልጅ ግን አምስት ሰው ብቻ ባላት፣ ደመወዝ በምታዘገይ፣ በመጨረሻም የቤት ኪራይ አቅቷት በተዘጋች ድርጅት ሠርቶ ነው የወጣው። ይኸው የራሱን ከከፈተ ሦስት ዓመት ሆነው። በጭንቅላት ይበልጠኛል እንዳልል ፈተና ላይ ከእኔ ነበር የሚኮርጀው (ይቅር ይበለኝ)።

ነገሩ የተገለጠልኝ ቆቦ፣ አባቴ ዘንድ ስሄድ ነው። የራያ ቆላ ገበሬ ጎርፍ ይጠልፋል። ቆቦ ላይ ጠብ ሳይል በስተምዕራብ ደጋው ላይ ይዘንብና ጎሊና ወይም ሆርማት በሌሊት እያጓራ ይወርዳል። ያኔ ጎረምሳው አካፋውን ይዞ ከአባቱ ጋር ይወጣል። ከወንዙ አፍ እስከ ማሽላው ማሳ ድረስ ይሄዳል። በድንጋይና በቅጠል የተሠራው መጥለፊያ ሲፈርስ ያያል፤ መልሶ ይሠራል። የውሃ አባቱ ተራ የተሻሙትን ሲዳኙም ይሰማል። ጥቂት ክረምት እንዲህ ያደረ ልጅ መሬት ካገኘ ሌላ አስተማሪ አይሻም።

ፔይፓልም እንዲህ ያለ ቤት ነበር። አጭበርባሪዎች በሚሊዮን የሚቆጠር ዶላር ሲሞጨልፉበት መከላከያውን ወጣቶቹ ራሳቸው ሠሩ። እ.ኤ.አ. በ2002 ኢቤይ በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛውና ብዙዎቹ ወጡ። በ2005 ዩቲዩብን የመሠረቱት ሦስቱም ከዚያ ናቸው፤ የሊንክዲኑ ሪድ ሆፍማንም እንዲሁ። በዚያው ዓመት ሴኮያ የተባለው ድርጅት ለጨቅላው ዩቲዩብ ገንዘብ ሲሰጥ ጉዳዩን የያዘው ሰው ደግሞ የቀድሞው የፔይፓል የፋይናንስ ኃላፊ ነበር። ደለል የምለው ይህንን ነው፤ ጎርፉ ካለፈ በኋላ ማሳው ላይ የሚቀረውን ገንዘብና መተማመን።

እኛስ? ጎርፉ አለን። እ.ኤ.አ. በ2013 የተቋቋመው አይኮግ ላብስ በሮቦቷ ሶፊያ ሶፍትዌር ላይ ሠርቷል፤ ቤተልሔም ደሴም ገና በአሥራዎቹ ዕድሜዋ እዚያ ገብታ፣ ልጆችን ኮድ የሚያስተምረውን "ኤኒዋን ካን ኮድ"ን መሠረተች። ደለሉ ግን ስስ ነው። የአክሲዮን ገበያችን እንኳ ደወሉን ያሰማው እ.ኤ.አ. በ2025 ነው። የእኔ ቢጤ ተቀጣሪ ድርሻ ይዞ መውጣቱ ቀርቶ የሥራ ልምድ ደብዳቤ ለማግኘትም ደጅ ይጠናል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ትንሽ ድርጅት ለሥራ ጠርታኝ ነበር። ከደመወዙ በፊት "ደንበኞቹ ዘንድ እሄዳለሁ?" ብዬ ጠየቅሁ። ሳቁብኝ። ደመወዙ ከድሮው ያንሳል። ሰኞ እጀምራለሁ፤ መጀመሪያ የሚልኩኝ መርካቶ ነው፣ የከረመ ዕዳ እንድሰበስብ።