ከድሬ ሽርጥ ወደ ማርቆስ ጋቢ

ካርታ ዘርግታችሁ ጣታችሁን ከድሬዳዋ በቀጥታ ወደ ምዕራብ ብትስቡት ደብረ ማርቆስን የምትስቷት በትንሹ ነው። ድሬ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ፣ ማርቆስ ደግሞ 10 ዲግሪን አለፍ ብላ ትገኛለች። የቀኑ ርዝመት ለሁለቱም ያው ነው፤ ፀሐይዋም ከአናታቸው እኩል ትቆማለች። ታዲያ በሰኔ እኛ የድሬ ልጆች አልጋችንን ግቢ አውጥተን፣ ሽርጥ አገልድመን ስንተኛ፣ የማርቆስ ሰው በሩን ዘግቶና ጋቢ ደርቦ እሳት ዳር የሚቀመጠው ለምንድን ነው? መልሱ መንገዱ ላይ ነውና ኑ፣ አብረን እንሂድ።

ከአዲስ አበባ እስከ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ጎሐ ፅዮን ድረስ ብርዱ አብሮን ነበርና ተሳፋሪው ሁሉ እንደተጀቦነ ነው የተጓዘው። አውቶቡሱ እየተጠማዘዘ ወደ አባይ በረሃ መውረድ ሲጀምር ግን ልብስ መወላለቅ መጣ። መጀመሪያ ሻርፕ፣ ቀጥሎ ጃኬት፣ ከዚያ «ኧረ መስኮት ክፈቱ!» የሚል ጩኸት። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ሰዉ ሁሉ በባርኔጣው ሲያራግብ እኔ በደስታ ፊቴን ለመስኮቱ ሰጠሁ። ግራሩ፣ የጋለው ድንጋይ፣ ጉሮሮ የሚያደርቀው ነፋስ፣ ሁሉም የሰፈሬ ነው። ለካ ድሬ እዚህም አለች!

ነገሩ የከፍታ ነው። የሸለቆው ግርጌ ከባሕር ወለል በላይ 1,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ። ከድልድዩ ማዶ ዳገቱን ስንያያዘው ግን ደጀን 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ትጠብቀናለች። አየር ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል፤ በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ሙቀት ይቀንሳል። የወለቀው ልብስ በተራው ተመልሶ ተለበሰ። በአንድ ከሰዓት ከበጋ ወደ ክረምት ተሻገርን፤ ቀን መቁጠሪያው ግን ንቅንቅ አላለም።

ማርቆስ 2,450 ሜትር ገደማ ላይ ያለች፣ ድሮ መንቆረር ትባል የነበረች፣ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት መናገሻ የነበረች ከተማ ናት። ያረፍኩበት ቤት እመቤት ገና ሲያዩኝ፣ «ልጄ፣ በዚህች ሸሚዝ ነው እንዴ ክረምቱን የምትወጣው?» ብለው ጋቢ ደረቡልኝ። «እትዬ፣ ይሞቀኛል እኮ» ብል ማን ይስማኝ! ማታ ላይ ገባኝ። የማርቆስ አማካይ ሙቀት 16 ዲግሪ ገደማ ሲሆን የድሬ 25 አካባቢ ነው።

ክረምቱን እዚያው ከረምኩ። የሚገርማችሁ፣ እኛ ጃንጥላ የምንይዘው ለፀሐይ ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ልጅ አዋቂው በር ላይ ወጥቶ ይደሰታል። ማርቆስ ላይ ቀና ብሎ ሰማዩን የሚያይ እንኳ የለም። ገበሬው ገሳውን (ከሣር ተጎንጉኖ የሚሠራ፣ ከራስ እስከ ወገብ የሚሸፍን የዝናብ ልብስ ነው) ደፍቶ በዶፉ መሐል በሬዎቹን ይነዳል። ካፊያው፣ ዶፉ፣ በረዶው፣ ከዚያ ጉሙ እየተፈራረቁ ይመጣሉ። በዓመት የሚወርደው ዝናብ 1,300 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ድሬ የዚህን ግማሽ ያህል ነው የምታገኘው። እሱንም ቢሆን ከበልግና ከክረምት እየቆነጠረች ነው፤ በመሐል ያለችው ሰኔ ለእኛ የእሳት ወር ናት።

አንድ ነገር ግን ከሁሉ በላይ አስደነቀኝ። ነሐሴ 20 አካባቢ ፀሐይ በቀትር ልክ ከማርቆስ አናት በላይ ናት። ሙቀቱ መንደድ ነበረበት፤ ቀኑ ግን ከዓመቱ ቀዝቃዛ ቀናት አንዱ ነው። ደመናው ጋርዷታላ! ሞቃቱ ጊዜ ሰማዩ ጥርት የሚልበት መጋቢትና ሚያዝያ ነው። ከኅዳር እስከ ጥር ደግሞ ቀኑ ፀሐያማ፣ ሌሊቱ አጥንት የሚሰብር ነው። አውሮፓ ውስጥ ብርድና ሙቀት የሚለዋወጡት በወራት ልዩነት ነው፤ እዚህ ግን በቀትርና በንጋት መካከል ያለው ልዩነት በወራት መካከል ካለው ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ዝናብስ ከየት ይመጣል? አገራችን ወደብ የላትም፤ ሰማይዋ ግን ለባሕር ክፍት ነው። በክረምት እርጥበቱ ከጊኒ ባሕረ ሰላጤና ከኮንጎ ደኖች፣ ከሕንድ ውቅያኖስም ጭምር በነፋስ ተጭኖ ይደርሳል። ተራራው ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ደመና ይሆናል፣ ይዘንባል። ተራራ ባይኖር አብዛኛው አልፎን በሄደ ነበር።

አባቶች ዓመቱን በአራት ከፍለውታል። ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው፤ ከዚያ መፀው፣ በጋና ፀደይ በየተራቸው ሦስት ሦስት ወር ይይዛሉ። ጎጃም ውስጥ ግን በከፍታ የሚለይ ሌላም አከፋፈል አለ፦ ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ። ይህን ለማየት ገበያ መውጣት ይበቃል። ድንቹና ገብሱ ረቡዕ ገበያ ከተባለችው ከተማ በኩል፣ ከጮቄ ተራራ ግርጌ ወርዷል። ጤፉ ከወይና ደጋው መጥቷል። ማሽላው ከአባይ ቆላ ተጭኖ ወጥቷል፤ እሱን ሳይ ከሐረርጌ የመጣ ዘመድ ያገኘሁ መሰለኝ። በሌላ አገር ሰው ወቅቱ እስኪደርስ ይጠብቃል፤ እዚህ ወቅቶቹ ሁሉ በአንድ ገበያ ይገናኛሉ።

ከገበያው በላይ ጮቄ አለ። አናቱ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ ጅባራና ጓሳ የሚበቅልበት፣ ንጋት ላይ ውርጭ የሚያነጣው ምድር ነው። ጨሞጋ፣ ሙጋ፣ ሱሃ፣ ተምጫ እና ሌሎች ብዙ ወንዞች ከዚያ ተነስተው አባይን ይመግባሉ። በክረምት ሁሉም ደፍርሰው ነው የሚወርዱት። አንድ ሽማግሌ ማሳቸው ዳር የተናደ እርከን እያሳዩኝ፣ «አፈሩ ከሄደ ዝናቡ ምን ይሠራልናል?» አሉኝ። የሚታረሰው ሽቅብ እየወጣ፣ ሣሩና የአስታው ቁጥቋጦ እየሳሳ ሲሄድ ዶፉን የሚይዘው ነገር ይጠፋል።

ይህን የድሬ ሰው በደንብ ያውቀዋል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ሌሊት ላይ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲወስድ፣ ውሃው በዋናነት የመጣው ከበላያችን ካሉት ከደንገጎ ተራራና ከሐረርጌ ደጋዎች ነበር። እኛ ሜዳ ላይ ተኝተን ሳለን፣ ከላይ የዘነበው ደረሰብን።

ስለዚህ የጮቄ እርከን እዚያው ጮቄ ሥር ያለው የሲናን ወረዳ ገበሬ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የደንገጎም እርከን የላይኛው ሰው ጉዳይ ብቻ አይደለም። ማርቆስም ድሬም ከተራራ በታች ያሉ ከተሞች ናቸው። በጥርና በየካቲት ደገኛው እርከን ሲሠራ ገበያው፣ ወንዙ፣ የቆላው ማሽላ ሁሉ አብሮ ይጠበቃል፤ የሥራው ጥቅም እስከ ታች ድረስ ይወርዳልና ድካሙንና ወጪውንም ከታች ያለን ሰዎች ልንጋራው ይገባል።