ፔጅሜከር ቢሞትም ጽሑፉ አብሮ አይቀበር

ቦንጋ ላይ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ኅትመት በሁለት ፊደል የሚሠራ ሥራ ነው። ካፊ ኖኖ በላቲን ፊደል ይጻፋል። የመሥሪያ ቤት ደብዳቤው፣ የሠርግ ጥሪውና የዕድር ደንቡ ደግሞ በብዛት በአማርኛ፣ በግዕዝ ፊደል ነው። ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ሲገናኙም ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ሌላ ቦታ የባለሙያ ወሬ የሚመስለው ጥያቄ እዚህ የእንጀራ ጥያቄ ይሆናል። በዊንዶውስ ላይ በፔጅሜከር ወይም በፐብሊሸር የተቀናበረ ገጽ፣ ዊንዶውስ በሌለው ኮምፒውተር እንዴት ይከፈታል?

እንበል አንድ የጽሕፈት ቤት ባለቤት ውጭ አገር ያለች እህቱ ማክ ላከችለት። ወይም በየፍላሹ የሚገባው ቫይረስና በየጊዜው የሚፈርሰው ክራክ ዊንዶውስ አስመርሮት ሊኑክስ ጫነ። አዲሱ ኮምፒውተር ፈጣን ነው፤ ግን የአሥር ዓመት የደንበኞቹን ፋይል አያውቀውም። ፐብሊሸር ለማክ ተሠርቶ አያውቅም። በዊንዶውስም ቢሆን ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከጥቅምት 2026 በኋላ ድጋፉን እንደሚያቆም አስታውቋል። የፔጅሜከር ታሪክ ደግሞ ያስገርማል። እ.ኤ.አ. በ1985 የተወለደው ማክ ላይ ነው፤ ወደ ዊንዶውስ የመጣው በ1987 ነው። የመጨረሻው ቁጥር 7 የወጣው በ2001 ሲሆን፣ አዶቤ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ኢንዲዛይን አዙሯል። ዛሬ የተወለደበት ማክ እንኳ አይቀበለውም።

መንገዱ ሦስት ነው።

አንደኛው ዋይን ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ ሲሠራ የቆየ ነፃ ሶፍትዌር ነው። ዊንዶውስን ራሱን አያመጣም፤ አስተርጓሚ ሆኖ መሐል ይገባል። ፕሮግራሙ ዊንዶውስን የሚጠይቀውን፣ ሊኑክስ ወይም ማክ በሚገባው ቋንቋ ያደርስለታል። ለአሮጌ ማሽን አይከብድም፣ የዊንዶውስ ፈቃድም አያስገዛም። ጉድለቱ፣ አንዱ ፕሮግራም እንደ ውኃ ሲፈስ ሌላው ገና ሲከፈት መውደቁ ነው። ለግዕዝ መጻፊያ ከጀርባ ሆነው ቁልፍ የሚቀበሉ አሮጌ ፕሮግራሞችም፣ ቢሠሩ እንኳ ሥራቸው ዋይን ውስጥ ባለው መስኮት ብቻ ይወሰናል።

ሁለተኛው ምናባዊ ማሽን ነው። ቨርችዋልቦክስን በመሰለ ፕሮግራም ውስጥ ሙሉ ዊንዶውስ ይጫናል። ከዋይን ይልቅ አስተማማኝ ነው፤ ግን ሚሞሪ ይበላል፣ ፈቃድም ይጠይቃል። አፕል እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2020 ጀምሮ ባወጣቸው የራሱ ቺፕ ባላቸው ማኮች ላይ ደግሞ ለአርም ቺፕ የተዘጋጀው ዊንዶውስ ያስፈልጋል። ድሮ ማክንና ዊንዶውስን እያፈራረቁ ለማስነሳት ያገለግል የነበረው ቡት ካምፕ እነዚህ ላይ የለም።

ሦስተኛው ፕሮግራሙን ትቶ ፋይሉን ማዳን ነው። ሊብሬኦፊስ የፐብሊሸርንም የፔጅሜከርንም ፋይል ያነባል፤ አዳዲሶቹ የስክራይበስ እትሞችም እንዲሁ። ሣጥኑ ሊዛባ፣ መስመሩ ሊዘል ይችላል። ነገር ግን ዊንዶውስ ጨርሶ አያስፈልግም፤ ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

ዋናው ችግር ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው። ፋይሉ ይከፈታል፤ አማርኛው ግን በላቲን ፊደልና በምልክት የተሞላ ትርምስ ሆኖ ይወጣል። ምክንያቱ ዊንዶውስ አይደለም፣ ፎንቱ ነው። የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በ345 ምልክቶች ነው። ከዚያ በፊት የአገር ልጆች እነ ፓወር ግዕዝንና ቪዥዋል ግዕዝን ሲሠሩ የነበራቸው አማራጭ የግዕዙን ሥዕል በላቲኑ ፊደል መቀመጫ ላይ ማስቀመጥ ነበር። ለጊዜው ትልቅ ብልሃት ነበር፤ አገሪቱን አጽፏል፣ ጋዜጣ አሳትሟል። ኮምፒውተሩ ግን «ቦንጋ» ብሎ አላስቀመጠም። ያስቀመጠው የላቲን ፊደል ነው፤ ቦንጋ የሚያስመስለው ፎንቱ ብቻ ነው። ፎንቱ ከሌለ ቦንጋም የለችም።

ሁለት ፊደል የሚቀላቀልበት ገጽ ላይ ጉዳቱ እጥፍ ነው። ሰነዱን በሙሉ መርጦ ፎንት የቀየረ ሰው፣ አማርኛውን ሲያድን የካፊ ኖኖውን ጽሑፍ ወደማይነበብ ግዕዝ ይለውጠዋል። ሲመልሰው ደግሞ አማርኛው ይጠፋል። ኮምፒውተሩ ሁለቱንም እንደ ላቲን ስለሚያያቸው የሚለያቸው የሰው ዓይን ብቻ ነው። ፒዲኤፍ አድርጎ ማስቀመጥም ግማሽ መፍትሔ ነው። ለዓይን ደህና ይመስላል፤ ቃል ሲፈለግበት ወይም ሲቀዳ ግን ያው ትርምስ ይወጣል።

ስለዚህ «ፔጅሜከርን ማክ ላይ እንዴት ላስኬደው?» የሚለው ጥያቄ ጎዶሎ ነው። ዋይንም ምናባዊ ማሽንም ድልድይ ናቸው፤ ድልድይ ላይ ቤት አይሠራም። ሰው በድልድዩ ተሻግሮ አሮጌውን ፋይል መክፈት፣ መልኩን በፒዲኤፍ ማስቀረት፣ ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መቀየር፣ ከዚያም ካፊ ኖኖውንና አማርኛውን በዓይኑ አንብቦ ማረም አለበት። ለአዲስ ሥራ ደግሞ መሣሪያው ሞልቷል። ኪይማን በዊንዶውስም በማክም በሊኑክስም አማርኛ ያጽፋል። አቢሲኒካ የተባለው ፎንት በነፃ ይገኛል። ማክ ይዞት የሚመጣው የግዕዝ ፎንት ስሙ ራሱ «ከፋ» ነው!

ይህ የአንድ ጽሕፈት ቤት ጣጣ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱ እንደምንም ይወጣው ነበር። ነገር ግን በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየትምህርት ቤቱና በየዕድሩ ኮምፒውተር ውስጥ የተቀመጠው ቃለ ጉባኤ፣ የመሬት ደብዳቤና የተማሪ ውጤት ብዙው የተጻፈው በዚያው በድሮው ፎንት ነው። ክልሉ በ2014 ዓ.ም. አዲስ ሆኖ ሲቋቋም ማኅተምና ሌተርሄድ ተቀይሯል፤ የአሮጌው ፋይል ፊደል ግን በራሱ አይቀየርም። ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ የሚመልስ ሰው መቅጠር ከአንድ አዲስ ኮምፒውተር ዋጋ ብዙም ላይበልጥ ይችላል። የሚያውቀው ሰው፣ የሚከፍተው ፕሮግራምና የሚያነበው ፎንት ገና በእጅ ባሉበት ጊዜ ካልተሠራ ግን፣ ነገ በገንዘብም አይገኝም።