በስዊድን አገር ስላለው የመጥረቢያ ጥበብ

በስዊድን አገር፥ ቬኔርን ከሚባለው ታላቅ ሐይቅ አቅራቢያ፥ ሶድራ ሮዳ በተባለው ቀበሌ፥ ከግንድ የታነጸ አንድ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን ነበረ። የተሠራውም በ14ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው፤ ውስጡም በ1323 እና በ1494 ዓመት በተሣሉ ሥዕሎች ያጌጠ ነበር፤ የምንጠቅሰው ዓመት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ነው። ሰባት መቶ ዓመት ያህል ዝናሙንና በረዶውን ችሎ ከቆመ በኋላ፥ በ2001 ዓመት በኅዳር ወር እሳት በላውና ዐመድ ሆነ።

የአገሩ ሰዎች ግን አዝነው ብቻ አልቀሩም፤ ቤቱን እንደ ቀድሞው አድርገው መልሰው ለማነጽ ቈረጡ። ነገር ግን ብርቱ ችግር ገጠማቸው። ግንዱን በመጋዝ ቢሰነጥቁት መልኩ እንጂ ሥራው የቀደሙት ሰዎች ሥራ አይሆንም፤ የቀደሙትም ጠራቢዎች ጥበባቸውን በመጽሐፍ ጽፈው አላቈዩም። ስለዚህ በሌሎች ጥንታውያን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳና ጣራ ላይ የቀረውን የመጥረቢያ ምልክት እንደ ፊደል ማንበብ ጀመሩ። ምልክቱም እንደ ዓሣ አጥንት ወደ ግራና ወደ ቀኝ የተሰለፈ ነው፤ በአገሩ ቋንቋ ስፕሬትሁግኒንግ ይሉታል።

ሥራው እንዲህ ነው። አስቀድሞ ቀስ ብሎ ያደገ፥ ልቡ የበሰለ ጥድ ይመረጣል። ከደረቀ ለስለት ያስቸግራልና ገና እርጥብ ሳለ ይጠረባል። ግንዱን አጋድመው፥ በቀለም የተነከረ ገመድ ወጥረው መሥመር ይመቱበታል። እስከ መሥመሩ ድረስ በየመጠኑ ቈርጠው በመካከል የቀረውን እንጨት ፈልጠው ያወርዱታል። በመጨረሻም ስለቱ ሰፊ በሆነ መጥረቢያ፥ በግንዱ ርዝመት አግድም ገደድ እያደረጉ ገጹን ያለሰልሱታል።

እኛም ሥራውን ቀርበን ስንመለከት እንደ ተረዳነው፥ ይህን የሚማር ሰው ከክንዱ አስቀድሞ ዐይኑን ማሠልጠን አለበት። በጉልበት የሚሰነዝር ቶሎ ይደክማል፤ መጥረቢያውም ከመሥመሩ አልፎ እንጨቱን ያቈስላል። ክብደቱን ለብረቱ ትቶ አቅጣጫውን ብቻ የሚገዛ ግን ሳይታክት ይውላል።

በዚያው ሥፍራ ዛሬ በእጅ የተጠረበ ሌላ ቤት ቆሞአል። ሥዕሎቹ ግን ዐመድ ሆነዋልና እነዚያው ራሳቸው አይመለሱም። ጥበቡ የተመለሰው ምልክቱ በሌላ ግድግዳ ላይ ስለ ተረፈ ነው። እንግዲህ አባት የሚያውቀውን ለልጁ በእጁ ይዞ ያሳየው፤ የልጅ ልጁ ከግድግዳ ላይ በጭንቅ ከሚለቅመው፥ አጠገቡ ቆሞ ቢያየው ይሻላልና።